ብሩኖ «ጉልበት!» ያለኝ ጊዜ፦ ከመርካቶ እስከ በረዶው ተራራ

ከጉዞዬ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ ደጃፍ የሚቆም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ይማም፣ በረዶው እንዴት ነው?» ይለኛል። ስለ ፋብሪካው የሚጠይቅ የለም፤ ስለ ባቡሩም የለም። አንዱን ሸኝቼ ለሌላው ደግሞ እንደ አዲስ ከአውሮፕላን ማረፊያ መጀመር ሰለቸኝና በወረቀት ላስፍረው ብዬ ተነሳሁ። ያነበበ ላላነበበው ይንገርልኝ፤ እኔ ብርድ ልብሴን ልሽጥበት።

ሱቄ ከጎጃም በረንዳ ወረድ ብሎ ነው፤ የምሸጠውም ብርድ ልብስ ነው። ጉዞውን ያመጣብኝ ብሩኖ የሚባል ጣሊያን ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ ቀርቶ መሳለሚያ አጠገብ ጋራዥ ከፍቶ ብዙ ዘመን ኖሯል። ከአባቴ ጋር እንደ ወንድም ነበሩ። አማርኛውን የተማረው ከመካኒኮችና ከተሸካሚዎች ሲሆን፣ መካኒኮቹ ለጨዋታ ብለው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» እንዲል አስለመዱት። እውነቱን ያወቀው ዘግይቶ ነውና ምላሱ እምቢ አለው። እርጅና ሲጫነው አገሩ ገባና ለአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሻጭ ሆነ። «ነይና በዓይንሽ አይተሽ ምረጪ» ብሎ ላከብኝ።

አሁን ደግሞ ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ያለ እሳቸው ይህ ጉዞ ምንም አይገባችሁም። አባባ በጉብዝናቸው ከወሎ መጥተው እህል በረንዳ ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ፤ የራሳቸውን የጤፍ መደብር የከፈቱት በኋላ ነው። ያ ሁሉ ኩንታል ያረፈው ጉልበታቸው ላይ ነው። አሁን ጉልበታቸው ሲያጥፉት አልታጠፍም፣ ሲዘረጉት አልዘረጋም ይላል። አንድ ዓርብ መስጊድ ሱጁድ ወረዱ፤ ግንባራቸውን ምድር አስነክተው መነሳት አቃታቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ እሳቸው ቁጭ እንዳሉ ሶላቱ አለቀ። ከኋላ የነበሩ ሁለት ጎረምሶች በብብታቸው ገብተው ብድግ አደረጓቸው። ልጆቹ ለደግ ብለው ነው። አባባ ግን «እድሜ ልኬን ጆንያ ሳነሳ ኖሬ፣ እኔው ጆንያ ልሁን?» አሉና ከዚያ ወዲያ መስጊድ አልረገጡም። ሼሁ ቤት ድረስ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድ ነገሯቸው። አባባ እሺ አሉ፤ ቤታቸው ሆነው ወንበር ላይም ሰገዱ። ግን ዓርብ በደረሰ ቁጥር የአዛኑን ድምፅ ላለመስማት የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

እሑድ ልሰናበታቸው ሄድኩ። እንደ ደንባችን ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ሸሸት አደረጉብኝ። ለመሳም እንኳ የሚያማቸው መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር፤ በጣም ደነገጥኩ።

«ጉልበቴን ተወው» አሉኝ። «ይልቅ ፈረንጅ አገር የጉልበት መድኃኒት አይጠፋም። እሱን አምጣልኝ። እንደ ሰው ወርጄ እንደ ሰው ልነሳ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አመጣለሁ፣ አባባ» አልኩ። በምን አውቄ አመጣለሁ እንዳልኩ አላህ ይወቅ።

ሰኞ በረርኩ። በአሥመራና በካይሮ አድርጌ ሮም ገባሁ። አውሮፕላን ላይ የቀረበልኝን ሥጋ የምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ገፋ አደረግኩትና ባለቤቴ ዘይነባ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ አወጣሁ። አጠገቤ ለተቀመጡት ፈረንጅ አሮጊት ዘገንኩላቸው። አንዱን አፋቸው አግብተው ብዙ አሰቡ፤ ከዚያ እንደ ከረሜላ እየመጠጡ ካይሮ አደረሱት። ደግ ሴት ናቸው፣ አልተፉትም።

ማክሰኞ በባቡር ወደ ሚላኖ ሄድኩ። ባቡር ጣቢያው የእኛን እህል በረንዳ ከነጆንያው ይውጣል፤ ግን ማንም አይጮህም። መርካቶ እንዲህ ዝም ካለ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሐዘን ቀን መስሎኝ ነበር። ብሩኖ እስኪመጣ ድረስ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ቋንቋው ስለ ጨነቀኝ ሱሪዬን ሰብስቤ ጉልበቴን አሳየሁና ፊቴን አኮሳተርኩ። ባለ መድኃኒቱም ፊቱን አኮሳትሮ የሚቀባ ነገር ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ስወጣ ብሩኖ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«አንቺ ይማም! አረጀሽ!» አለና አቀፈኝ። መድኃኒቱን ሳሳየው ከፍቶ አሸተተው። «እህቴም ይሄን ትቀባለች። ይሞቃል፣ ይሸታል፣ በቃ» አለኝ። ደስታዬን እዚያው አጠፋው።

ረቡዕ አውቶቡስ ይዘን ወደ ተራራው ወጣን። ፋብሪካው ለበዓላቸው እስከ ሰኞ ዝግ ስለነበረ እህቱ ቤት እንድንሰነብት ተስማምተናል። በረዶው እንዴት ነው ላላችሁኝ፣ እነሆ መልሱ፦ የወፍጮ ቤት ጣሪያ በዱቄት ነጭቶ አይታችኋል? አገሩን ሁሉ እንደዚያ አድርጋችሁ አስቡት። ሲረግጡት ይንቋቋል፤ ሲይዙት መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ኋላ እጅ የእኔ ነው አይባልም። ብርዱ የእንጦጦን የክረምት ሌሊት የሚያስናፍቅ ነው።

የብሩኖ እህት ሮዛ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ማታ ያቀረበችልን ገንፎ ነው። እነሱ ፖሌንታ ይሉታል፤ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ቅቤ የሚፈስበት ጉድጓድ የለውም። እኔ በማንኪያዬ ቆፍሬ ቅቤ ስጠይቅ ሮዛ ሳቀች፤ በማግስቱ እሷም ቆፈረች። እንጀራ ባይሆንም ሆድ ይይዛል። ስንበላ ብሩኖ ወደ ምድጃው በአገጩ እያመለከተ «ድስቱ አዲስ ነው። አሳማ ነክቶት አያውቅም። ይማም ትመጣለች ብዬ ነግሬያት ገዛችው» አለኝ። በዚያ በረዶ ውስጥ ለማታውቀው ሰው፣ ላንድ ሳምንት እንግዳ፣ ድስት የገዛች ሴት። ገንፎውን ደግሜ ጨመርኩ።

የመኝታ ልብሳቸው ግን እንደ ነጋዴ አስደነገጠኝ። ላባ የተሞላ ነው፤ ቀላል፣ የሚሞቅ። መርካቶ የገባ ቀን ሱቄን እዘጋለሁ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ ጥፋቱ የመጣበት ቀን ነው። የሮዛ ልጅ ካርላ እንግዶችን በበረዶ ላይ መንሸራተት የምታስተምር ጠንካራ ሴት ናት። ከቁመቴ የሚበልጡ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች እግሬ ላይ አሰረችልኝ፤ ስኪ ይሏቸዋል። ጣሊያንኛዬ ከጋራዥ ውጭ ስለማይሠራ ብሩኖ አስተርጓሚ ሆነ። ካርላ ብዙ ተናገረች። ብሩኖ አንዳንዱን ተረጎመ፣ አንዳንዱን «ይሄ ግድ የለሽም» ብሎ ዘለለው። የሠፈሩ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ አበሻ በረዶ ላይ ሲወጣ ሊያይ ቆሟል። እኔም የአገር ክብር ጉዳይ አድርጌ ያዝኩት።

ከሮዛ ቤት በላይ ያለው ቁልቁለት ትንሽ ነው፤ ከላይ ሆኖ ሲታይ ግን ትንሽ አይደለም። እንደለቀቀችኝ እንጨቶቹ ራሳቸው ሄዱ። ካርላ ከኋላ «ጂኖኪያ! ጂኖኪያ!» ብላ ጮኸች። ብሩኖ ከታች ሆኖ እጁን እያወናጨፈ «ይማም! ጉልበት! ጉልበት!» አለኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። መርካቶ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ሰዎች «ጉልበት!» ሲባል ምን ታደርጋላችሁ? የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሲገባ ከበን የምንጮኸው ይህንኑ አይደለም? እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ጀርባዬን ወደ ኋላ ጥዬ፣ እግሬን አጣና አድርጌ ያለኝን ኃይል ሁሉ ሰጠሁት። ብሩኖ ደግሞ «ጉልበት!» ባለ ቁጥር እጨምራለሁ። ፍጥነቱም ጨመረ። አንዲት ጉብታ ስትመታኝ ያ ሁሉ ምት ባልታጠፈው እግሬ ላይ ወጣ፤ ቀኝ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ ተሰማኝ፤ ከዚያ የሮዛ የማገዶ ክምር ተቀበለኝ። አጥሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ሳይስቁ ሮጠው መጡ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣዬን ከእንጨቱ ስር ፈልፍለው አራግፈው ደፉልኝ። ያንን ደግነታቸውን አልረሳም።

ዓርብ ጠዋት ጉልበቴ እንደ ቅል አብጦ ነቃሁ። የመንደሩ ሐኪም መጥቶ ነካክቶ «የተቀደደ ነገር የለም፣ ይረፍ» አለ። ቀትር ላይ ሶላት ሰዓቱ ደረሰ። ምንጣፌን አነጠፍኩ፤ ሩኩዕ እንደምንም ጎነበስኩ፤ ሱጁድ ስወርድ ግን ጉልበቴ መንገድ ላይ አቆመኝ። ወደ ታችም ወደ ላይም አልል አለ። የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ተጎትቼ ተቀመጥኩና ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። የሚፈቀድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ግንባሬ ምድር ሳይነካ «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ስዞር እንባዬ መጣ። አባባ ሬዲዮኑን ለምን ከፍ እንደሚያደርጉ ያኔ ገባኝ። እኔ አንድ ቀን ነው፤ እሳቸው ስንት ዓርብ እንዲህ ሆነው አሳለፉ? ሮዛ በረዶ በጨርቅ ቋጥራ ስትገባ አየችኝ። በሩን መልሳ በቀስታ ዘጋችና ዓይኔን የማደርቅበት ጊዜ ሰጥታኝ ተመለሰች።

ከሰዓት ብሩኖና ካርላ ሊጠይቁኝ መጡ። ብሩኖ ተቆጥቷል፤ ሲያዝን እንደዚህ ነው።

«ጉልበት አልኩሽ እኮ!»

«አደረግኩ እኮ! ያለኝን ጉልበት ሁሉ አደረግኩ!»

«የት አደረግሽ? እግርሽ ቀጥ ብሏል!» አለና የራሱን ጉልበት በመዳፉ መታው። «ጉልበት! ይሄ! ይሄ ጉልበት!»

ተያየን። ማጠፍ የሚለው ቃል ጠፍቶበት ኖሯል። እሱ የሚታጠፈውን ጉልበት ሲል እኔ የሚገፋውን ጉልበት ሰማሁ። እነሱ አገር ለሁለቱ ሁለት ስም አላቸው፤ እኛ አንዱን ለሁለቱም አድርገናል። ብሩኖ ለካርላ ሲያስረዳት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ያመመኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ካርላ ኮስተር ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ተናገረች፤ አወዳደቅና አነሳስ ሳታስተምረኝ መልቀቅ አልነበረባትም።

ብሩኖ እንዴት እንደሚያስረዳኝ ጨነቀውና ወደ ጋራዥ ቋንቋው ተመለሰ። «ባሌስትራ ታውቂያለሽ?»

የጭነት መኪና ባሌስትራ የማያውቅ የመርካቶ ሰው የለም። ከሻንሲው ስር ያለው፣ ጉድጓድ ሲመጣ እጥፍ ዘርጋ የሚለው ብረት ነው። «ባሌስትራ የሌለው መኪና ምን ይሆናል?» አለኝ። «ሻንሲው ይሰበራል» አልኩ። «እህ! ጉልበት ሞተር አይደለም፣ ባሌስትራ ነው። አንቺ ባሌስትራውን በየዳሽው!» ሞተሩ ታፋና መቀመጫ ላይ እንደሆነ ነገረኝ፤ የሚገፋውም የሚያነሳውም እሱ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ አብረው መታጠፍ አለባቸው፤ አንዱ ቀጥ ካለ የሌሎቹን ሸክም ጉልበት ይወስዳል። ጉልበትም የእግር ጣት ወደሚያይበት ያያል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰበርም።

ቅዳሜ እብጠቱ ትንሽ ጎደለ። ካርላ ለሌሎች እንግዶች አወዳደቅ ስታስተምር ብሩኖ እየተረጎመልኝ ከመስኮት ሆኜ አየኋት። መውደቅ ካልቀረልህ ተሰብስበህ ወደ ጎን ቁጭ በል እንጂ እግርህን አትገትር ትላለች። ተነሺዎቹ መጀመሪያ ወደ ኋላ ተደግፈው ሲታገሉ መልሰው ይወድቃሉ። እሷ እግራቸውን ከስራቸው ታስገባና ደረታቸውን ወደ ፊት ትስባለች፤ ያኔ ብድግ ይላሉ። ሳይ ሳይ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጋሁ። ይህ የእኛ ሱጁድ አይደለም እንዴ?

ማታ ለብሩኖ ስለ አባባ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጎረምሶቹ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ሬዲዮኑ። ብሩኖ አልቀለደም። «ሰይድ?» አለ የአባባን ስም ጠርቶ፤ «ሰይድን ተሸከሟት?» ዓይኑ ቀላ።

እሑድ ሮዛ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሳሎኗን ለቀቀችልን፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋች። እኔ በደህናው እግሬ እየተደገፍኩ የአባባን አነሳስ ለካርላ አሳየኋት፦ ክብደት ወደ ኋላ፣ ሁለት ጉልበት ተጋጥሞ ወደ ውስጥ፣ እጅ የሚይዘው ነገር ፍለጋ። «ተመልከት» አለች፤ ብሩኖ በ«አንቺ» ቢተረጉመውም እኔ አቃንቼዋለሁ፤ «ያመመው ጉልበት ላይ ነው ሁሉም የተጫነው።» ከዚያ ወረደች። እግሯን ፈርከክ አድርጋ፣ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው መቀመጫዋን ወደ ኋላ ልካ፣ እጇን ታፋዋ ላይ አሳርፋ፣ አንዱን ጉልበት ቀስ ብላ ምንጣፍ አስነካች፤ ከዚያ ሌላውን። ስትነሳ ደህናውን እግር ወደ ፊት አወጣች፤ ሙሉ መርገጫዋ መሬት ያዘ፤ ደረቷን ወደ ፊት አምጥታ ክብደቷ እግሯ ላይ እስኪያርፍ ጠበቀች፤ ያኔ በተረከዟ ገፍታ ቆመች። ጉልበቷ ከጣቷ መስመር አልወጣም። ደጋግማ አሳየችኝ። «ሽማግሌ ከሆነ ከመሬት አይጀምር» አለች፤ «ከከፍታ ቦታ ይጀምርና በየጊዜው ዝቅ ይበል። በጣም ካመመው ያቁም። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ግን የቀረውን መጠበቅ ይቻላል።»

ሰኞ ፋብሪካውን አየን። ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው፤ ሱቅ መጥታችሁ በእጃችሁ ዳብሱት፣ እዚህ አላወራም።

ማክሰኞ ካርላ ስኪውን መልሳ አሰረችልኝና በሮዛ ግቢ ለጥ ባለው ላይ ገፋ አደረገችኝ። ቁርጭምጭሚቴን፣ ጉልበቴን፣ ዳሌዬን ለቀቅ አድርጌ፣ እጄን ከፊቴ ይዤ እስከ አጥሩ በር በቀስታ ሄድኩ። በሩ ላይ ወደቅኩ፤ ወደ ጎን ነው የወደቅኩት። ማንም ሳይነካኝም ተነሳሁ። ባርኔጣዬን ያነሱልኝ ሽማግሌ አጨበጨቡልኝ።

ረቡዕ ስንሰናበት ሮዛ ያንን አዲስ ድስት በጋዜጣ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። አልወስድም ብል አልሰማችኝም። ዘይነባ አሁን ወጥ የምትሠራበት እሱ ነው።

ቤት እንደገባሁ አባባ መጀመሪያ የጠየቁኝ «መድኃኒቱስ?» ብለው ነው። የሚቀባውን ሰጠኋቸው። አሸተቱት፤ «ይሞቃል» አሉ። «ሌላም አለ» ብዬ ምንጣፍ ላይ ወርጄ ተነሳሁ። አባባ እግሬን አዩ።

«ይህን ሁሉ ሰማይ ያቋረጥከው ቁጭ ብድግ ልትማር ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በል ድገመው።»

ደገምኩት። አገጫቸውን እያሻሹ «ጆንያ ስር የምገባው እንዲህ ነበር እኮ። ልጅ ሆኜ» አሉ። «ኋላ ሲቸኩሉብን ነው የተውኩት።»

ከሱቄ ጓዳ ጀመርን። ብርድ ልብስ ቆልለን ወንበር የሚያህል ቁመት ሰጠነው፤ አባባ እዚያ ላይ ቁጭ ብድግ ይላሉ። ሲለምዱት አንድ ብርድ ልብስ ከላይ እናነሳለን። አንዳንድ ቀን ያማቸውና አንዱን መልሰን እንደርባለን፤ አንዳንድ ቀን ተናደው «ባሌስትራህን ይዘህ ጥፋ!» ይሉኛል። ገዢ ሲመጣ ከአባባ መቀመጫ ስር ስቤ የሸጥኩበት ጊዜ አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን ክምሩ አለቀና ምንጣፉ ቀረ።

ባለፈው ዓርብ አዛን ሲል ሬዲዮኑን ዘጉ። «ተነስ» አሉኝ። መስጊድ ጎን ለጎን ቆምን። ሱጁድ ወረድን። ሰው ሲነሳ እሳቸው ዘገዩ፤ በዓይኔ ጠርዝ አንድ እግራቸው ወደ ፊት ሲወጣ አየሁ፤ ከዚያ ትከሻቸው ከትከሻዬ ጋር እኩል ሆነ። ሶላቱ ሲያልቅ እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ብቅ አሉ፤ ሊያነሷቸው እጃቸውን ዘርግተዋል። አባባ ገና ምንጣፉ ላይ ናቸው። መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አቆሟቸው።

«ተዉ ልጆቼ» አሉ። «ጉልበት አለኝ።»

ቀስ ብለው፣ ታፋቸውን ደግፈው፣ ትንሽ እያቃሰቱ ብቻቸውን ቆሙ። ጉልበታቸው አልዳነም፤ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ያማቸዋል። ደጅ ወጥተን ጫማቸውን ሲያደርጉ ግን መቆየት አልቻልኩም። የመርካቶ ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ሄድኩ። አልሸሹም። ይልቅስ ማጅራቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«በወገብህ አትጎንበስ» አሉ፤ «ጉልበትህን እጠፍ እንጂ።»

አጠፍኩና ሳምኳቸው።